ሄፓታይተስ ሲ ላለበት ሰው የጉበት ኢንዛይምን በደብተር መከታተል

አጎቴ ሄፓታይተስ ሲ እንዳለባቸው ያወቁት ለታመመ ዘመድ ደም ሊለግሱ ሄደው ነው። ከዚያ በኋላ የላብራቶሪ ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። የጉበት ኢንዛይሙ አንዱ ላይ 88 ይላል፣ ሌላው ላይ 61፣ ሌላው ላይ 34። 34 የወጣ ቀን ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። «ጉበቴ ድኗል» ብለው ቀጠሮውን ተዉት። ወደ ሐኪም የተመለሱት ከዓመት በላይ ቆይተው ነው። ቫይረሱ እዚያው ነበር። የጉበታቸው ጠባሳ ደግሞ ገፍቶ ጠበቃቸው።

ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ ከቤታችን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነኝ። የተማርኩትን በተራ ላስቀምጠው። መድኃኒት የሚጀምረውም የሚያቆመውም ሐኪማችሁ ነው። ይህ መመሪያ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ በእጃችሁ ያለው ወረቀት የተሟላ ነገር እንዲናገር ለማድረግ ነው።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ይግባችሁ

የጉበት ሴልን እህል እንደሞላ ጆንያ አስቡት። ኢንዛይሞቹ እህሉ ናቸው። ጆንያው ሲቀደድ እህሉ ይፈሳል። ላብራቶሪው የሚለካው ወደ ደም የፈሰሰውን ነው።

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ። እኛ አገር ብዙ ወረቀቶች ላይ አሁንም በድሮ ስማቸው ይወጣሉ። ኤስጂፒቲ የሚለው ኤኤልቲ ነው፤ ኤስጂኦቲ የሚለው ኤኤስቲ ነው። ይህን ባለማወቅ «ያንን ምርመራ አልሠሩልኝም» ብሎ ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሰው አለ።

ኤኤልቲ በብዛት የሚገኘው ጉበት ውስጥ ነው። ኤኤስቲ ግን ጡንቻ፣ ልብና ቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ። ስለዚህ ኤኤስቲ ብቻውን ሲጨምር ጉበት ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

የፈሰሰው ኢንዛይም ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። የኤኤልቲ ግማሹ በሁለት ቀን ገደማ ይጠፋል፤ የኤኤስቲ ግማሽ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የዛሬው ወረቀት የሚያወራው ስላለፉት ጥቂት ቀናት ነው። ስላለፈው ዓመት አያውቅም።

አጎቴን ያሳሳታቸው ነገር ይህ ነው፦ ኢንዛይም ቫይረስ አይቆጥርም። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ ካለባቸው ሰዎች ከአራቱ የአንዱ ያህል ኤኤልቲ በተደጋጋሚ ተለክቶም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ከፍ ዝቅ የሚልባቸውም ብዙ ናቸው። ከዚህ የባሰም አለ። ጉበቱ ጠባሳ በጠባሳ ከሆነና የቀሩት ጤነኛ ሴሎች ካነሱ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ባዶ ጆንያ ቢቀደድም የሚፈሰው እህል ትንሽ ነው። የወረደ ቁጥር ስታዩ፣ ጆንያው ተሰፍቶ ነው ወይስ ባዶ ሆኖ? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ያለው ሌሎቹ ምርመራዎች ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ቫይረሱ መኖሩን አረጋግጡ፤ መነሻውን ሙሉ አድርጉ

መጀመሪያ የሚሠራው ምርመራ የአንቲቦዲ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ ለመሄድ በሚደረገው የጤና ምርመራ ውስጥ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራም ስላለ፣ ብዙ ወጣት መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው። ደንግጦ ይወጣል። አንቲቦዲ ግን ሰውነት ቫይረሱን አንድ ቀን እንዳገኘው ነው የሚናገረው። ከተያዙት ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ያለ መድኃኒት ቫይረሱን ያጠፉታል። አንቲቦዲው ግን ከጠፋም በኋላ ይቆያል። ቫይረሱ አሁን መኖሩን የሚያሳየው የአርኤንኤ ምርመራ ነው፤ ብዙ ሰው ቫይራል ሎድ የሚለው።

ቫይረሱ ካለ መነሻ ምርመራውን ሙሉ አሠሩ። ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው)፣ አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን)፣ ሙሉ የደም ቆጠራ ከነፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ሴሎች ቁጥር ጋር)፣ የደም መርጋት ምርመራ፣ የኩላሊት ምርመራ እና የሆድ አልትራሳውንድ። ገንዘብ ካጠረ የትኛው ይቅደም ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ፕላትሌትን ግን አትዝለሉ። ርካሽ ነው፣ ወደ ፊት ደግሞ በጣም ይጠቅማችኋል።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም የግድ ነው። እኛ አገር ቢ ከሲ ይልቅ በብዛት አለ። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ። የሲ መድኃኒት ሲጀመር ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ስለዚህ ጉዳይ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲጻፍ ያደረገው ለዚህ ነው። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይሠራ።

ደረጃ 3፦ ደም የምትሰጡበትን ቀን አዘጋጁ

ለኢንዛይም ብቻ ከሆነ መጾም አያስፈልግም። ስኳርና ቅባት አብሮ ከታዘዘ ግን ላብራቶሪውን ጠይቁ። አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ሰው ጊልበርት የሚባል ምንም የማይጎዳ የትውልድ ጠባይ አለው፤ ሲጾም ቢሊሩቢኑ ትንሽ ከፍ ይላል። በዓቢይ ጾም ወይም በረመዳን የተሠራ ምርመራ ላይ ቢሊሩቢን ብቻውን ትንሽ ከፍ ካለ፣ መጾማችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።

ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ከባድ ሸክም፣ ረጅም ሩጫና የጂም ሥራ ይቅር። ጡንቻ ሲጎዳ ኤኤስቲ ይጨምራል፤ ኤኤልቲም አብሮ ሊነሳ ይችላል። የቀን ሥራ የሚሠራና እረፍት መውሰድ የማይችል ሰው ሥራውን ይንገር፣ ደብተሩም ላይ ይጻፍ። ጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌም እንዲሁ ይጻፍ።

ከተቻለ ሁሌም አንድ ላብራቶሪ ሂዱ። መሣሪያውም መለኪያውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ውጤቱ ላይ «ሄሞላይዝድ» የሚል ማስታወሻ ካያችሁ፣ ናሙናው ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች ፈርሰዋል ማለት ነው። የዚያን ቀን ኤኤስቲ አትመኑት፤ እንዲደገም ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ደብተሩን አስምሩ

አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በስልክም ይሆናል፤ እኔ ግን ደብተር ይሻለኛል፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ወረቀቱን ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ለሌላ የቤተሰብ አባል ላኩ።

ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቀን፣ ላብራቶሪ፣ ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ የላብራቶሪው የላይኛው ወሰን፣ ፕላትሌት፣ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚን፣ በዚያ ወር የሆነው።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። የላብራቶሪው ማሽን በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማል፤ የቀጠሮ ካርዱ በእኛ ይጻፋል። «12/3» የሚል ካገኛችሁ ኅዳር 12 ነው ወይስ ማርች 12፣ ማለትም መጋቢት 3? በመካከሉ ወደ አራት ወር የሚጠጋ ልዩነት አለ። የአጎቴን ወረቀቶች በቅደም ተከተል ለመደርደር አንድ ሙሉ ቅዳሜ የፈጀብኝ በዚህ ምክንያት ነው። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ።

ቁጥሩን ደግሞ በእጥፍ ቀይሩት። ኤኤልቲ 88 ሆኖ የላብራቶሪው የላይኛው ወሰን 40 ከሆነ፣ 88ን ለ40 አካፍሉ፤ 2.2 እጥፍ ይሆናል። ሌላ ላብራቶሪ ወሰኑን 55 ካደረገ ያው 88 ወደ 1.6 እጥፍ ይወርዳል። ጉበቱ አልተለወጠም። የተለወጠው መስፈሪያው ነው።

ወሰኑ ራሱም ለጋስ ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ የእውነት ጤነኛ ሰው የኤኤልቲ የላይኛው ወሰን ለወንድ ከ29 እስከ 33፣ ለሴት ከ19 እስከ 25 ነው ብሏል። ብዙ ወረቀት ላይ ግን እስከ 40 ድረስ ምንም ምልክት አይደረግበትም። የአጎቴ 34 ከዚህ አንጻር እንኳ ጥርት ያለ አልነበረም።

የመጨረሻውን ዓምድ አትናቁት። «ወባ ታሞ ነበር»፣ «ሠርግ ላይ ጠጥቷል»፣ «አዲስ ኪኒን ጀመረ» ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ እንቆቅልሹ የሚፈታው እዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ ቁጥሮቹን አንድ ላይ አንብቡ

ሥር በሰደደ ሄፓታይተስ ሲ ኤኤልቲ አብዛኛውን ጊዜ በመጠኑ ነው የሚጨምረው፤ ከወሰኑ በላይ ሁለት፣ ሦስት እጥፍ የተለመደ ነው። ድንገት ከ10 እጥፍ ካለፈ ሲ ብቻውን ነው ብላችሁ አትቀመጡ። አዲስ መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒት፣ የተነሳ ሄፓታይተስ ቢ፣ አዲስ የተያዘ ኤ ወይም ኢ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? ብዙውን ጊዜ ኤኤልቲ ከኤኤስቲ ይበልጣል። ኤኤስቲው የኤኤልቲውን ሁለት እጥፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አልኮል ነው። በማይጠጣ ሰው ላይ ደግሞ ከወር ወር ኤኤስቲ እየቀደመ ከሄደና ፕላትሌት ከ150 (ማለትም ከ150,000) በታች እየወረደ ከመጣ፣ ጠባሳው እየገፋ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ያስነሳል። አልቡሚን ሲቀንስና ቢሊሩቢን ሲጨምር ደግሞ ጉበቱ ሥራውን መሥራት እያቃተው ሊሆን ይችላል። ጆንያው ባዶ መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚናገሩት እነዚህ ናቸው።

ደረጃ 6፦ የጠባሳውን ግምት አስሉ

የጉበትን ጥንካሬ የሚለካው ፋይብሮስካን የሚባለው መሣሪያ በየከተማው አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 መመሪያው፣ አቅም በማይፈቅድበት ቦታ በተራ የደም ምርመራ የሚሰሉ ሁለት ቀመሮችን መክሯል። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

አንደኛው ፊብ-4 ነው። ዕድሜን በኤኤስቲ አባዙ። ያንን አቆዩት። ከዚያ የኤኤልቲን ስኩዌር ሩት አውጥታችሁ በፕላትሌት አባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ።

ምሳሌ እንሥራ። 45 ዓመት የሆነው ሰው ኤኤስቲ 60፣ ኤኤልቲ 81፣ ፕላትሌት 180 አለው። 45 ሲባዛ በ60፣ 2700። የ81 ስኩዌር ሩት 9 ነው፤ 9 ሲባዛ በ180፣ 1620። 2700 ለ1620 ሲካፈል 1.67። ከ1.45 በታች ከሆነ የገፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከ3.25 በላይ ከሆነ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ይህ ሰው መሃል ላይ ነው፤ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ኤፕሪ ነው። ኤኤስቲን ለላይኛው ወሰኑ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ፣ ለፕላትሌት አካፍሉ። በዚያው ሰው 60 ለ40 ሲካፈል 1.5፤ በ100 ሲባዛ 150፤ ለ180 ሲካፈል 0.83። ከ0.5 በታች ያረጋጋል፤ ከ2 በላይ ሲሮሲስን፣ ማለትም ጉበቱ ጠባሳ በጠባሳ መሆኑን፣ ያስጠረጥራል። ወረቀቱ ላይ ፕላትሌት 180,000 ተብሎ ከታተመ 180 ብላችሁ አስገቡ።

ትልቁ ወጥመድ ወባ ነው። ወባ ፕላትሌትን ይቀንሳል፣ ኤኤስቲን ሊጨምር ይችላል። ሁለቱም ቀመሮች ያኔ ያለ ጥፋቱ ጉበቱን ይከሱታል። ትኩሳት ባለበት ሰሞን አታስሉ፤ ድናችሁ ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ደሙን አሠርታችሁ አስሉ። ከ35 ዓመት በታችና ከ65 በላይ ለሆነ ሰውም ፊብ-4 ብዙም አይታመንም።

ደረጃ 7፦ መቼ መቼ?

ሕክምና ላልጀመረና ጠባሳው ላልገፋ ሰው በ6 ወር ወይም በዓመት አንዴ ይበቃል። ግን ለምን ሳይጀምር ይቆያል? ክትትል የሕክምና ምትክ አይደለም። አሁን ያሉት ኪኒኖች፣ ለምሳሌ ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ወይም ከቬልፓታስቪር ጋር፣ በአብዛኛው በ12 ሳምንት ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን ሰው ያድናሉ። ኢንዛይሙ ጤነኛ ነው ተብሎ ሕክምና አይዘገይም። ሐኪም «ኤኤልቲህ ደህና ስለሆነ ቆይ» ካላችሁ፣ ምክንያቱን በአክብሮት ጠይቁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አሳዩ። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታው ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የሲን መድኃኒት ያደክማሉ። የልቡ አሚዮዳሮን ከሶፎስቡቪር ጋር የልብ ምትን አደገኛ በሆነ መጠን ሊያዘገይ ይችላል።

ሕክምናው ሲጀመር ኤኤልቲ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጥኖ ይወርዳል። ሲሮሲስም ሄፓታይተስ ቢም ለሌለበት ሰው መሃል ላይ ብዙ ምርመራ ላያስፈልግ ይችላል። ሲሮሲስ ወይም ቢ ያለበት ግን ጠበቅ ያለ ክትትል ይፈልጋል። ወርዶ የነበረው ቁጥር ተመልሶ ከተነሳ ለሐኪሙ ደውሉ። 10 እጥፍ ከደረሰ፣ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ድካም፣ ማስመለስ፣ የዓይን ቢጫነት ወይም የቢሊሩቢን መጨመር ካለበት፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊያስቆም ይችላል። በራሳችሁ አታቁሙ፤ በዚያው ቀን ግን ድረሱ።

የቲቢ መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ሰው የተለየ ጥንቃቄ አለው። ኤኤልቲ ምልክት ኖሮ 3 እጥፍ፣ ምልክት ሳይኖር 5 እጥፍ ካለፈ፣ ሐኪሙ የቲቢውን መድኃኒት ለጊዜው ያቆማል።

ኪኒኑ ባለቀ በ12 ሳምንት ቫይራል ሎድ ይሠራ። መዳናችሁን የሚናገረው ይህ ነው።

ደረጃ 8፦ ቫይረስ ያልሆነውን ምክንያት ፈልጉ

ቁጥሩ ሲነሳ ሁሉንም ሲ ላይ አታላክኩ። ጠላውም፣ ጠጁም፣ ቢራውም፣ አረቄውም ይቆጠራል። «የበዓል ብቻ ነው» የሚለውንም ጻፉት።

ጫት ላይ ግልጽ ልሁን። በሐረር አካባቢ የተሠራ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ሲ ላለበት ሰው ጉበቱ ላይ ሁለተኛ ሸክም መጫን ነው።

የባህል መድኃኒት ደግሞ ስሱ ጉዳይ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን በብዙ ቦታ «የወፍ በሽታ» ነው ይባላል፤ ሰውም ወደ መድኃኒት አዋቂ ይሄዳል። ያደረጉትን አልንቅም፤ ወላጆቻችን ያገኙትን ነው የተጠቀሙት። ግን ያልታወቀ ሥርና ቅጠል የተጎዳ ጉበትን ሊጨርሰው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ሲሞቱ፣ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ከእህል ጋር የሚቀላቀል መርዛማ አረም መሆኑ ተደርሶበታል። ተክል ስለሆነ ብቻ ጉበት አያመልጥም። የወሰዳችሁትን ለሐኪም አትደብቁ። የሚቆጣ ሐኪም ቢያጋጥማችሁም ንገሩ።

ለሕመም ማስታገሻ ብዙ ሰው ፓራሲታሞልን ፈርቶ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዳል። ሲሮሲስ ላለበት ሰው ይህ ተገላቢጦሽ ነው። እነዚያ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ያደማሉ። ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ከ4 ፍሬ ካልበለጠ ይሻላል። ስኳርና የሰውነት ክብደትም ይታይ፤ የስብ ጉበት ሲ ከጠፋም በኋላ ኢንዛይሙን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል።

ደረጃ 9፦ ደብተሩን ትታችሁ የምትሮጡበት ጊዜ

ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ደም ሲያስመልስ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥር፣ ሰው ግራ ሲጋባና ቀን ቀን ሲያንቀላፋ። ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ኤኤልቲ ስንት እንደሆነ ያኔ አይጠየቅም።

ደረጃ 10፦ ከዳናችሁ በኋላ

ቫይራል ሎዱ አልተገኘም ያለውን ወረቀት እንደ ልደት ካርድ አስቀምጡት። አንቲቦዲው ከዚያ በኋላም ፖዘቲቭ እያለ ስለሚወጣ፣ ለጉዞ ምርመራም ለሌላ ሐኪምም ማስረዳት ያስፈልጋችኋል። እንደገና መያዝም አለ፤ አንቲቦዲው አይከላከልም። ስለዚህ ምላጭና መርፌ ለየራስ።

ሲሮሲስ የነበረበት ሰው ከዳነም በኋላ የጉበት ካንሰርን ቀድሞ ለመያዝ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይቀጥላል። አጎቴ ከእነዚህ ናቸው። ቫይረሱ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የመጨረሻው ኤኤልቲያቸው 22 ነው። ደብተሩ ላይ ቀጥሎ ያለው መስመር ባዶ ነው፤ ቀኑ ብቻ ተጽፎበታል፦ ኅዳር 12፣ በፊደል።